መነጽርን የሚተካው የገጽ ሌዘር፣ ከጋምቤላ ሲታይ

የገጽ ሌዘር ቀዶ ሕክምና፣ በሐኪሞች አጠራር ፒአርኬ፣ የኮርኒያን ቅርጽ ከላይ በማስተካከል ከመነጽር የሚያላቅቅ ሕክምና ነው። ኮርኒያ ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ሲሆን፣ መሐሉ ላይ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ጉብታው ለዓይኑ ርዝመት ሲበዛ የሩቁ ነገር ይደበዝዛል፤ ሲያንስ ደግሞ የቅርቡን ማየት ያስቸግራል።

ሥራውን የሚሠራው ኤክሳይመር የተባለ የሌዘር ዓይነት ነው። 193 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ይህ አልትራቫዮሌት ጨረር ዙሪያውን ሳያቃጥል አካልን በስሱ ይልጣል። ይህ ባሕርዩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ በሚገኝ የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ ተመራማሪው ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን ጨረሩን የሞከሩት ከበዓል ገበታ በተረፈ የተርኪ ዶሮ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካዊቷ ሐኪም ማርጌሪት ማክዶናልድ በሚያይ የሰው ዓይን ላይ ተጠቀሙበት። በ1995 ደግሞ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሕክምናውን ፈቀደ።

ታካሚው በማደንዘዣ እንቅልፍ አይወስደውም። ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል፤ የኮርኒያው የላይኛው ስስ ሽፋን በተበረዘ አልኮል ላልቶ ወይም በብሩሽ ይነሳል፤ ከዚያ ሌዘሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ሥራውን ይጨርሳል። በመጨረሻ እንደ ፋሻ የሚያገለግል ኮንታክት ሌንስ ይደረጋል። የተነሳው ሽፋን ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ራሱ መልሶ ይበቅላል።

ይበልጥ የሚታወቀው ላሲክ በዚህ ይለያል፦ ኮርኒያው ላይ ክዳን ተቆርጦ ይገለጥና ሌዘሩ ከሥሩ ይሠራል፤ ከዚያ ክዳኑ ይመለሳል። የላሲክ ታካሚ በማግስቱ ስለሚያይ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ክዳኑ ግን 100 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ) ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ይወስዳል። 6 ሚሊሜትር ስፋት ላይ አንድ ዳይኦፕተር፣ ማለትም አንድ የመነጽር ቁጥር፣ ለማረም 12 ማይክሮን ገደማ መነሳት አለበት። አራት ቁጥር መነጽር ላለው ሰው ይህ 50 ማይክሮን ያህል ነው። ኮርኒያው ስስ ለሆነ ሰው እንግዲህ ክዳን የሌለው ዘዴ ይሻላል። ኳስ ወይም ክርን ፊቱን ሊመታው ለሚችል የእግር ኳስና የቅርጫት ኳስ ተጫዋችም እንዲሁ፤ የሚንሸራተት ክዳን የለበትምና።

የገጽ ሌዘር ዋጋው የሚከፈለው በኋላ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ዓይኑ ክፉኛ ያማል፣ ያነባል፣ ብርሃን ይፈራል። ዕይታው ለሳምንታት ይዋዥቃል፤ የሚረጋውም ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ኮርኒያው ሲድን ጭጋግ የመሰለ ጠባሳ ሊያወጣ ይችላል፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ይህን ያባብሳል። ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ባለችው፣ በበጋ ሙቀቷ 40 ዲግሪ በሚደርሰው ጋምቤላ ጥቁር መነጽርና ኮፍያ እንግዲህ የሕክምናው አካል ናቸው። ባሮ ወንዝ ውስጥ መዋኘትም ለሳምንታት መቆየት አለበት። ጭጋጉን ለመከላከል የሚታዘዘው የስቴሮይድ ጠብታ በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ካልተለካ ግላኮማ ሊያስከትል ይችላል። ብዙ ጠብታዎች ቀዝቀዝ ያለ ቦታ መቀመጥ እንዳለባቸውም መዘንጋት የለበትም፤ ሙቀት በበዛበት ቤት ይህ ቀላል ጣጣ አይደለም።

ሁሉም ዓይን ለሌዘር አይሆንም። ትራኮማ ገና ባልጠፋበት አካባቢ የተቀለበሰ የሽፋሽፍት ፀጉር ኮርኒያውን ፍቆ ጠባሳ የተወበት ሰው አለ፤ ለእሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ነው። በአለርጂ ዓይኑን ሲያሽ የኖረ ወጣት ደግሞ ኮርኒያው ሳስቶ እንደ ሾጣጣ ሊወጣ ይችላል። ሌዘር ይህን ያባብሰዋልና፣ የኮርኒያ ካርታ የሚያነሳ ምርመራ ሳይደረግ ቀጠሮ መያዝ አይገባም። ከ18 ዓመት በታች ያለ፣ የመነጽሩ ቁጥር በየዓመቱ የሚቀየር ሰውና ነፍሰ ጡር መቆየት አለባቸው። ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣውን የማንበቢያ መነጽርም ሌዘር አያስቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕይታቸው ከደከመ ሰዎች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ችግራቸው በመነጽር ሊታረም የሚችል ነበር። ለእነሱ የሚቀድመው መነጽር ነው። ሌዘር የሚፈልግ የጋምቤላ ነዋሪ ግን አዲስ አበባ ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ለመጀመሪያው ሳምንት እዚያው የሚያርፍበት፣ በቀጣዮቹ ወራትም ለክትትል የሚመላለስበት አቅም ከሌለው መነጽሩን ይዞ ቢቆይ ይሻለዋል።