ተጨማሪ መረጃ፦ የድጓ ምልክቶችና እያደገ የሚሄድ የመረጃ ቋት

ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ ናት። ከድጓው ቃላት በላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስለሚመደቡ፣ በየደረጃው ለሚደረግ የቁርኝት ደንብ ፍለጋ (አብረው የሚታዩ ነገሮችን ከመዝገቦች ለመለየት) የሚያስፈልገው ተዋረድ በሊቃውንቱ እጅ ተዘጋጅቶ ይገኛል። እያንዳንዱን መዝሙር እንደ አንድ መዝገብ ብንወስድ፣ «ይህ ምልክት ካለ ያኛውም አለ» የሚል ደንብ በነጠላ ምልክትም በዜማ ዓይነትም ደረጃ ሊወጣ ይችላል። ብቻውን ከድግግሞሽ ወለሉ (ደንብ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ ድግግሞሽ) በታች የሚቀር ብርቅ ምልክት በወላጁ፣ በዜማ ዓይነቱ፣ ስም ሲቆጠር ድርሻ ያገኛል።

ብራናዎች ወደ ኮምፒውተር ሲገቡ ግን የመዝገቦቹ ቋት ያድጋል። ታዲያ ሁሉንም እንደገና ለምን አንቆጥርም? ለትንሽ ቋት ይሁን፤ ለትልቅ ግን ቼንግና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዘዴ ይሻላል፤ ሒሳቡ ጠንካራ ነውና። ወለሉ 5 በመቶ ነው እንበል። በነባሮቹ 10,000 መዝሙሮች ከ500 ጊዜ በታች፣ በአዲሶቹ 1,000 ደግሞ ከ50 በታች የታየ ጥምረት በድምሩ 550 ሊሞላ አይችልም። ስለዚህ ቀድሞ ከወለሉ በታች ከነበሩት መካከል ነባሩን ቋት የምናስሰው በአዲሶቹ ውስጥ ወለሉን ለደረሱት ብቻ ነው። ምልክቱ የዜማውን ዓይነት አስቀድሞ ስለሚናገር የተዋረድ ደንብ ከንቱ ነው የሚልም ይኖራል። በከፊል እውነት አለው፤ ስሪካንትና አግራዋል በ1995 እ.ኤ.አ. ልጅን ከገዛ ወላጁ ጋር የሚያጣምረውን ሁሉ የጣሉት ለዚሁ ነው። የሚከብደው ምደባው ራሱ ሲለወጥ ነው። አንድ ምልክት ወደ ሌላ ዜማ ቢዛወር የነጠላ ምልክቶች ቆጠራ ይጸናል፤ የሁለቱ ወላጆች ግን ከነጥምረቶቻቸው ይታረማል። ቋቱ ምንጊዜም በነጠላ ምልክት ደረጃ ይቀመጥ የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዜማ ዓይነት ብቻ ተጠቅልሎ የተመዘገበ ድጓ ለዚህ እርማት አይመችም።