የኮካ ኮላ ቅመማ የማን ነው?

በአዊ ዞን ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባለው አስፋልት ዳር ኮካ ኮላ የማይሸጥ ሱቅ ማግኘት ያስቸግራል። ከባሕር ዳር ፋብሪካ ተጭኖ የሚመጣውን ሳጥን ነጋዴው የሚያውቀው በዋጋውና በባዶ ጠርሙስ ሒሳቡ ነው። የቅመማው ባለቤትነት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ያከራከረ ጉዳይ ነው።

ኩባንያው የሚናገረው ታሪክ ቀላል ነው። የአትላንታው መድኃኒት ቀማሚ ጆን ፔምበርተን እ.ኤ.አ. በ1886 ሽሮፑን ቀመሙ፤ በግንቦት ወር በጃኮብስ ፋርማሲ ብርጭቆው በ5 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ስሙን ያወጡት የሒሳብ ሠራተኛቸው ፍራንክ ሮቢንሰን ናቸው። እንዲያም ሆኖ ቅመማው ከባዶ የተነሣ አልነበረም። ፔምበርተን ቀደም ሲል ይሸጡት የነበረው የወይን ጠጅና የኮካ ቅጠል ድብልቅ፣ አንጀሎ ማሪያኒ በፓሪስ ገበያ ካወጡት መጠጥ የተቀዳ ነው። አትላንታ አልኮል ስትከለክል ወይን ጠጁ ወጣ፣ ስኳር ገባ።

በስፔን ቫሌንሲያ የምትገኘው ትንሿ አዬሎ ደ ማልፌሪት ደግሞ ሌላ ትላለች። እ.ኤ.አ. በ1880 የተቋቋመው የከተማዋ መጠጥ ፋብሪካ «ኮላ ኮካ» የሚል ምርት ነበረው፤ ናሙናውም ከፔምበርተን አንድ ዓመት ቀድሞ አሜሪካ ደርሷል ባዮች ናቸው። ከስሙ መመሳሰል በቀር ቅመማው መሰረቁን የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልቀረበም።

ለነጋዴ ከቅመማው ይልቅ የወረቀቱ ታሪክ ይጠቅማል። ፔምበርተን ታመው፣ ገንዘብ አጥሯቸው ድርሻቸውን ለተለያዩ ሰዎች ሸጡ፤ በነሐሴ 1888 ሞቱ። አሳ ካንድለር የተበታተነውን ድርሻ በድምሩ 2,300 ዶላር ሰብስበው የብቻ ባለቤት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1914 ማርጋሬት ዶዚየር የተባሉት የቀድሞ ባለድርሻ በ1888ቱ የሽያጭ ውል ላይ ያለው ፊርማ የእኔ አይደለም አሉ። የሟቹ የፔምበርተን ፊርማም በሌሎች ሰነዶች ላይ ሐሰተኛ ሳይሆን እንደማይቀር ኋላ የመረመሩት ተናግረዋል። ለማመሳከር እንኳ ያስቸግራል፤ የኩባንያውን ጥንታዊ መዛግብት ካንድለር አስቀድመው አቃጥለዋቸዋልና!

እ.ኤ.አ. በ1919 ኩባንያው በ25 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ ገዢዎቹ ለብድራቸው ካስያዙት አንዱ በወረቀት የሰፈረው ቅመማ ነበር። ወረቀቱ እስከ 1925 ኒው ዮርክ ባንክ ቤት ተቀምጧል። እዚህ አገር ቤትና መኪና ለሚያስይዝ ተበዳሪ ነገሩ ተረት ይመስላል።

ዳንግላ ገበያ የሚሰፈረው ጤፍም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ከኢትዮጵያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 የጥቅም ተጋሪነት ስምምነት የፈረመ አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ፣ በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ሕያው ሆኖ ቀጠለ። ኢትዮጵያ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ነው። በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ዘዴው አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ በኔዘርላንድስ የጸናውን ፓተንት ሻረው። ተከራክሮ ያሸነፈው ግን ኢትዮጵያ አልነበረችም፤ ፓተንቴን ጥሰሃል ተብሎ የተከሰሰ ሌላ የኔዘርላንድስ ድርጅት ነው።