ጅብራና ዘመድ ያልሆነው መንትያው

ከደባርቅ ተነስታችሁ፣ ሳንቃበርን አልፋችሁ ወደ ጨነቅ ስትወጡ ጅብራው እየበዛ ይሄዳል። ወፍራም ግንድ፣ አናቱ ላይ ዙሪያውን የተንዠረገገ ቅጠል። ሰሜን ተራሮች ደርሶ ከጅብራ ጋር ፎቶ ሳይነሳ የተመለሰ የጎንደር ልጅ ያለ አይመስለኝም። ያንን ፎቶ አውጡና በኮሎምቢያ ወይም በቬንዙዌላ አንዲስ ተራሮች ላይ ከሚበቅለው ኤስፔሌቲያ ፎቶ ጎን አስቀምጡት። ቁርጥ አንድ ናቸው።

በዘር ግን አይገናኙም። ጅብራ የሎቤሊያ ወገን ነው። ኤስፔሌቲያ ከጅብራ ይልቅ የሚቀርበው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ለኑግና ለአደይ አበባ ነው።

በሥነ ሕይወት ኢሶሞርፊዝም የሚባለው ይኸው ነው፦ የዘር ሐረጋቸው የተለያየ ፍጥረታት በቅርጽ ሲመሳሰሉ። ኬሚስቶችም ቃሉን ይጠቀሙበታል፤ ጀርመናዊው ሚትሸርሊሕ እ.ኤ.አ. በ1819 ገደማ የተለያዩ ጨዎች አንድ ዓይነት ክሪስታል ሲሠሩ አይቶ ነው ያመጣው።

ታዲያ ጅብራንና ኤስፔሌቲያን ምን አመሳሰላቸው? ውርጭ። አውሮፓ ያለ ዛፍ ለብርድ የሚዘጋጅበት ወራት አለው። ለምድር ወገብ በቀረበ፣ 4,000 ሜትር በሚደርስ ተራራ ላይ ግን ቀን ፀሐዩ ይፋጃል፣ ሌሊት ውሃው በረዶ ይሠራል፤ ይህ ዓመቱን ሙሉ ይደጋገማል። ተክሉ ያለው ጊዜ እስኪመሽ ብቻ ነው። አናቱ ላይ ያለው ለጋ እምቡጥ በውርጭ ከተመታ ደግሞ አለቀለት። ስለዚህ ጅብራ ሲመሽ ትልልቅ ቅጠሎቹን ወደ መሃል ሰብስቦ እምቡጡን ይሸፍናል፤ ጠዋት ይዘረጋቸዋል። ኤስፔሌቲያም በቅጠል የተከበበ እምቡጥ አለው፤ በተጨማሪ የደረቁ ቅጠሎቹን ሳያራግፍ ግንዱ ላይ እንደ ጋቢ ደርቦ ይኖራል።

መመሳሰሉ ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። ጅብራ ለዓመታት ቆይቶ ቁመቱ ከሰው በብዙ የሚበልጥ አበባ ያወጣል፤ ዘሩን ይበትንና ይሞታል። አብዛኛው ኤስፔሌቲያ ደጋግሞ ያብባል።

እዚያው ሰሜን ላይ በመልኩ ያሳሳተ ሌላም አለ፦ ቀይ ቀበሮ። ቀይ ፀጉሩንና ሹል አፉን አይተው ፈረንጆች ለረጅም ጊዜ «የሰሜን ፎክስ» ሲሉት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዘረመሉ ሲመረመር ከተኩላ ወገን ሆኖ ተገኘ። አፉ የሾለው የዕለት ምግቡ የደጋ አይጥ ስለሆነ ነው፤ ከጉድጓዷ ብቅ ስትል ለቀም ለማድረግ ይመቸዋል።