የመጀመሪያዋ የለውዝ ማንኪያ

አዘና ጤና ጣቢያ ሕፃናትን በማይበት ክፍል ስለ ለውዝ ሳነሣ እናቶች ቶሎ የሚሉኝ «አያንቀውም ወይ?» ነው። ፍሬው እንዳለ ከተሰጠው ያንቀዋል፤ አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። ተቆልቶ፣ ገለባው ተበጥሮ፣ እስኪልም ተፈጭቶ ቀጠን ባለ ገንፎ ወይም በተፈጨ ድንች ከገባ ግን ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ደግ ምግብ ነው። በጾም ወተትና እንቁላል ከቤት ሲጠፋማ ይበልጥ ያስፈልገዋል። የሻገተውን ለቅማችሁ ጣሉት፤ መቁላት የሻጋታውን መርዝ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ለአለርጂ የተጋለጠ ልጅ እስከ 3 ዓመቱ ለውዝ እንዳይቀምስ ይመክሩ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ፕሮፌሰር ጊዲዮን ላክ የመሩት ጥናት ነገሩን ገለበጠው። ኃይለኛ ኤክዚማ ወይም የእንቁላል አለርጂ ከነበረባቸው 640 ሕፃናት መካከል ከለውዝ የተከለከሉት 17 በመቶ ያህሉ በአምስት ዓመታቸው የለውዝ አለርጂ ሲይዛቸው፣ አዘውትረው ከበሉት የያዘው 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ልጅ ግን ከመጀመሩ በፊት ባለሙያ ይየው።

በምግብ እጥረት ለተጎዱ ልጆች የምንሰጠው ፕላምፒናትም ለውዝ አለበት። ልጁ ፊታችን ከፓኬቱ ሲልስ እኔ የምግብ ፍላጎቱን ብቻ ሳይሆን ከንፈሩንና ቆዳውንም አያለሁ።

ቤት ስትጀምሩ ልጁ ጉንፋን ወይም ትኩሳት በሌለበት ቀን፣ በጠዋት ይሁን። በማንኪያ ጫፍ አቅምሱትና ትንሽ ጠብቃችሁ ጨምሩለት፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ከዓይናችሁ አይራቅ። ጠዋት የምለው ክፉ ቢመጣ ባጃጅም ስለሚገኝ ነው። ሳማ እንደለበለበው ያለ ሽፍታ ከወጣበት፣ ከንፈሩ ወይም ዓይኑ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ማብላቱን አቁማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት። ሳል ከያዘው፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ፣ ድምፁ ከጎረነነ ወይም ከተዝለፈለፈ ደግሞ የምትጠፋ ደቂቃ አትኑር። በጣም የሚያሳስበኝ እብጠቱ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ሲጨመቅ የሚያልፈው ጊዜ ነው። የማሳከክ ማስታገሻ ሽሮፕም የተዘጋ ትንፋሽ አይከፍትም። ሕይወት የሚያተርፈው ጭኑ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ጡንቻው ውስጥ የሚወጋ አድሬናሊን ነው።

ምንም ካልሆነ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ስጡት፤ አንዴ አቅምሶ መተው አይበቃም።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ የድንገተኛ ሣጥናችሁን ዛሬውኑ ክፈቱና አድሬናሊኑ መኖሩን፣ ጊዜውም አለማለፉን እዩ።