የሴፍቲኔት ብር ምጽዋት ነው?

«የመንግሥት ጥገኛ ሆኜ ቀረሁ፤ እኔ ምን እረባለሁ?» የምትሉ አላችሁ። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ሥራ ሲጀምር፣ ጉልበት ለሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን ቀጥታ ድጋፍ፣ መሥራት ለሚችሉ ደግሞ ሥራ ይዞ ነው የመጣው። መንገድ ጠርጎ፣ ችግኝ ተክሎ የሚገኝ ብር የላብ ዋጋ እንጂ ምጽዋት አይደለም። እስቲ ገርጂን አስቡ። የውሃ መውረጃው ቦይ በፌስታል ከተደፈነ በሐምሌ ጎርፉ ሰው ቤት ይገባል። ታዲያ ያንን ቦይ የጠረገች እናት አልረባችም ልንል ነው? ደግሞም ከክፍያው 20 በመቶው በስማችሁ ይቆጠባል፤ ኋላ ለጉልት ወይም ለእንጀራ ጋገራ መነሻ ይሆናል። ታዲያ የባንክ ደብተሩን ለጎረቤት ልጅ እየሰጣችሁ «አንብብልኝ» አትበሉ፤ ቁጥሩን ዛሬውኑ ራሳችሁ ለዩት።