ዓሣን የሚያታልሉ የላባ ዝንቦችና ዓይነታቸው



ዓሣ አጥማጅ በመንጠቆው ላይ ትል ወይም የሥጋ ቍራጭ ሰክቶ ወደ ውሃ ሲጥል ያላየ ወይም ያልሰማ ሰው አይገኝም። ዛሬ የምንነጋገርበት አጠማመድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚህኛው መንጠቆ ላይ የሚበላ ነገር ፈጽሞ የለበትም፤ ያለበት ላባ፥ ፀጉርና ክር ብቻ ነው። ዓሣው ግን ይህን የላባ ጥቅል ምግብ መስሎት ይጐርሰዋል። አጥማጆቹም ይህን መንጠቆ «ዝንብ» ብለው ይጠሩታል። ነገሩ ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ከባሌ ተራሮች በሚወርዱት በወይብና በዳንካ ወንዞች ከውጭ አገር መጥቶ የተራባ ትራውት የሚባል ዓሣ ይገኛል፤ እርሱም በዚህ ዓይነት የሚጠመድ ነው።

ጥበቡ ጥንታዊ ነው። ከ1800 ዓመት ገደማ በፊት ኤሊያን የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ፥ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠቅልለው ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ እያሰሩ ዓሣ እንደሚያጠምዱ ጽፏል። እውነተኛውን ዝንብ ስለ ምን አልሰኩም ቢባል፥ የሰው እጅ ሲነካው መልኩ ስለሚጠፋና ክንፉ ስለሚረግፍ ነው ሲል ምክንያቱን ገልጧል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1496 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የታተመ የዓሣ ማጥመድ መጽሐፍም 12 የዝንብ ዓይነቶችን ይዘረዝራል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

ዛሬ በአንድ አጥማጅ ሣጥን ውስጥ ብዙ ዓይነት ዝንብ ተደርድሮ ቢታይ ጀማሪውን ግራ ያጋባዋል። ይሁን እንጂ ዓሣው የሚበላውን ፍጥረት ኑሮ ላወቀ ሰው ነገሩ ሁሉ ግልጥ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድመን ይህን ኑሮ እንመልከት።

በንጹሕ ወንዝ ውስጥ እንግሊዞች በሜይ ወር ስም የሚጠሩት አንድ ትንሽ በራሪ ፍጥረት አለ። እንቍላሉ ወደ ወንዙ ወለል ይሰጥማል። ከእንቍላሉ የሚወጣው እጭ በድንጋይ ሥርና በአሸዋ ውስጥ እየተሳበ አንድ ዓመት ያህል፥ አንዳንዱም ወገን እስከ ሁለት ዓመት ይኖራል። ጊዜው ሲደርስ ወደ ላይ ይዋኛል፤ ቆዳውንም ሰንጥቆ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል፤ ክንፉ እስኪጠና ድረስ እንደ ትንሽ ታንኳ በውሃው ፊት ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያም በርሮ ዛፍ ላይ ያርፋል፤ እንደ ገና ቆዳውን ይለውጣል። ከዚህ በኋላ ምንም አይበላም፤ ተራክቦ፥ እንቍላሉን ጥሎ፥ በአንድ ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። ትራውትም በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ እያደነ ይመገበዋል። የዝንቦቹም ዓይነት የተለያየው በዚህ ምክንያት ነው።

፩ኛ፤ ደረቅ ዝንብ። ይህ በውሃው ፊት ላይ የሚንሳፈፍ ነው። ከአውራ ዶሮ አንገት የተወሰደ ጠንካራ ላባ በመንጠቆው ዙሪያ ስለሚጠመጠም፥ ጫፎቹ ውሃውን ረግጠው ያቆሙታል። ውሃ እንዳይገባውም ቅባት ይቀባል። የሚመስለውም ክንፍ ያወጣውን ወይም እንቍላል ሊጥል የመጣውን ነፍሳት ነው።

፪ኛ፤ እርጥብ ዝንብ። የዚህኛው ላባ ከሴት ዶሮ ወይም ከቆቅ የሚወሰድ ለስላሳ ላባ ነው። ውሃ ጠጥቶ ጥቂት ይሰጥማል፤ ወደ ላይ በመውጣት ላይ ያለውን ወይም የሰጠመውን ነፍሳት ይመስላል።

፫ኛ፤ ኒምፍ። ይህ በወንዙ ወለል የሚኖረውን እጭ የሚመስል ሲሆን፥ ክንፍ የለውም። ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከውሃው ውስጥ ስለ ሆነ የዚህ ዝንብ ጥቅም ከፍ ያለ ነው።

፬ኛ፤ የትንሽ ዓሣ አምሳያ። ትልቅ ትራውት ትንንሽ ዓሦችን ይውጣልና፥ ከረጅም ላባና ከአጋዘን ፀጉር ተሠርቶ በውሃው ውስጥ እየተሳበ የሚዋኝ ይመስላል።

፭ኛ፤ የሳልሞን ዝንብ። የአትላንቲክ ሳልሞን ከባሕር ወደ ወንዝ ለመራባት ሲመለስ ምግብ ይተዋል። ስለዚህ ዝንቡ ምግብ መምሰል አያስፈልገውም፤ በደማቅ ቀለሙ ዓሣውን ቀስቅሶ እንዲነክስ ያደርገዋል።

ላባ ክብደት ስለሌለው ብቻውን ሩቅ ሊወረወር አይችልም። ክብደት ያለው ወፍራሙ ገመድ ነው፤ በረጅሙ ዘንግ የሚወረወረው ገመዱ ሲሆን፥ በጫፉ በቀጭን ክር የታሰረው ዝንብ ጌታውን እንደሚከተል አሽከር ይከተለዋል።

አንባቢዎች ሆይ፤ በእነዚህ የላባ ጥቅሎች ምክንያት በእንግሊዝ አገር ብርቱ ክርክር እንደ ተነሣ ብንነግራችሁ ትገረሙ ይሆናል። ፍሬደሪክ ሃልፎርድ የተባለ አጥማጅ በ1886 ዓ.ም. ስለሚንሳፈፉ ዝንቦች መጽሐፍ አወጣ። ተከታዮቹም እያደሩ በደረቅ ዝንብ ካልሆነ በቀር በንጹሖቹ የደቡብ እንግሊዝ ወንዞች ማጥመድ ነውር ነው እስከ ማለት ደረሱ። ጆርጅ ስኩዝ የተባለው የሕግ ሰው ግን የያዘውን ዓሣ ሆድ በረጅም ማንኪያ እየጠረገ፥ ያወጣውን በነጭ ሳህን ውሃ ውስጥ በትኖ ይመረምር ነበር። ያገኘውም በብዛት ክንፍ ያላወጣውን እጭ ነው። ስለዚህ ዓሣው ከውሃ በታች ሲመገብ ከላይ ዝንብ መጣል ከንቱ መሆኑን አስተዋለ፤ ሐሳቡንም በ1910 ዓ.ም. መጽሐፍ ጻፈበት። በ1938 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል በለንደን የአጥማጆች ክበብ ክርክር ተደርጎ ብዙዎች ተቃወሙት። በዚያው ዓመት ከ50 ዓመት በላይ ያጠመደበትን የኢችን ወንዝ ዳርቻ ትቶ ሄደ፤ በ1949 ዓ.ም.ም ሞተ። ነገር ግን እውነት ተዳፍና አልቀረችም። ፍራንክ ሶየር የተባለ የወንዝ ጠባቂ ከወፍ ጅራት ላባና ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ የሠራውን ኒምፍ በ1958 ዓ.ም. በመጽሐፍ አስታወቀ። ዛሬ ኒምፍ በብዙ አገር በአጥማጆች ሣጥን ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ ወደ ወንዝ የሚወርድ ሰው ሣጥኑን ከመክፈቱ በፊት ጥቂት ይቁም። ከውሃው ድንጋይ አንሥቶ ከሥሩ የተጣበቀውን ይመልከት። ዓሣው ሲነሣ አፉ ታይቶ አረፋ ከቀረ ምግቡን ከላይ ወስዷልና ደረቅ ዝንብ ይሰር፤ ውሃው አብጦ አፉ ካልታየ ግን ከውስጥ እየበላ ነውና ኒምፍ ይሞክር። የትኛው ዝንብ እንደሚሻል የሚፈርደው የክበብ ደንብ ወይም የላባው ውበት አይደለም፤ ወንዙ ራሱ ነው። ስኩዝ ይህን ያወቀው ከሌሎቹ የተሻለ ዘንግ ስለ ነበረው ሳይሆን፥ ሌሎቹ ሲከራከሩ እርሱ ሳህኑን ይመለከት ስለ ነበረ ነው።