ኩባንያው የራሱን ጓዳ ሲፈትሽ

እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለም ከዚያ በፊት ገዝቶት የማያውቀውን ያህል የፎቶ ፊልም ገዛ። ሺጌታካ ኮሞሪ የጃፓኑ ፉጂ ፊልም ፕሬዚዳንት የሆኑት በዚያው ዓመት ነው። ከኩባንያው ትርፍ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው ከፊልምና ከፎቶ ሥራ ስለነበር ወንበሩ የሚያስቀና ይመስል ነበር። በማግስቱ ዓመት ግን ሽያጩ መውረድ ጀመረ፤ ቁልቁለቱም አልቆመም። አሥር ዓመት ሳይሞላ የዓለም የፊልም ፍላጎት ከቀድሞው አንድ አሥረኛ በታች ወረደ።

ነገሩ ዱብ ዕዳ አልነበረም። ፉጂ ራሱ ገና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የራጅ ምስልን ወደ ዲጂታል የሚቀይር መሣሪያ ሠርቷል፤ በ1988 ደግሞ ፎቶን በካርድ ላይ የሚያስቀምጥ ዲጂታል ካሜራ ለዓለም አሳይቷል። ሞቱ ከየት እንደሚመጣ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ችግሩ ዲጂታል ካሜራ የፊልምን ቦታ በገበያ እንጂ በገቢ የማይተካ መሆኑ ነው። ካሜራ አንዴ ይገዛል፤ ፊልም ግን ያልቃል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይገዛል። እኛም ዘንድ ባለ 36 ፊልም ገዝቶ ማሳጠብ የለመደው ትውልድ ይህን ሒሳብ በኪሱ ያውቀዋል።

ኮሞሪ መሐንዲሶቹን አንድ ሥራ አዘዙ፦ ኩባንያው የሚያውቀውን ሁሉ መዝግቡ። የሚሸጠውን ዕቃ ሳይሆን የሚችለውን ሙያ። ቆጠራው ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። በጓዳ ተቀምጦ የተረሳ ነገር ካለ ሊወጣ ነው።

የወጣውን ለመረዳት ፊልሙን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ባለቀለም ፊልም ለዓይን አንድ ስስ ላስቲክ ይመስላል። ነገር ግን ትሪአሴቲል ሴሉሎስ በሚባል ግልጽ መደብ ላይ ሃያ ገደማ ንብርብሮች ተቀብተውበታል፤ ሁሉም ተደምረው ከአንድ የጸጉር ዘለላ ይቀጥናሉ። ንብርብሮቹን ይዞ የሚያቆየው ጀላቲን ሲሆን፣ እሱም ከከብት አጥንትና ቆዳ ከሚገኝ ኮላጅን የሚሠራ ነው። በጀላቲኑ ውስጥ ብርሃን የሚይዙ የብር ቅንጣቶችና ቀለም የሚፈጥሩ ኬሚካሎች ተበትነዋል። ቀለም ፈጣሪዎቹ የሚሟሙት በዘይት እንጂ በውሃ አይደለም፤ ስለዚህ ደቃቅ ጠብታ እስኪሆኑ ተሰባብረው በጀላቲኑ ውስጥ እኩል መሰራጨት አለባቸው። አንድ ቦታ ከተጠራቀሙ ምስሉ ይበላሻል። ፎቶው ከታጠበ በኋላም ብርሃንና ኦክሲጅን ቀለሙን እንዳያደበዝዙት መከላከያ ያስፈልጋል። ከሃኮኔ ተራሮች ሥር፣ በሚናሚ አሺጋራ፣ በ1934 ፋብሪካውን የከፈተው ኩባንያ ይህን ሁሉ ሲማር ኖሯል።

መጀመሪያ የከፈለው ያ ግልጽ መደብ ነው። የጠፍጣፋ ቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ማያ ብርሃንን የሚያጣራ ስስ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ እርጥበት አይችልም፣ በቀላሉም ይጎዳል፤ ስለዚህ ከግራና ከቀኝ በትሪአሴቲል ሴሉሎስ ይታቀፋል። ፉጂ ለፊልም ሲያመርተው የኖረውን ማለት ነው። ከዚህም አልፎ በ1996 ማያውን ከጎን ሆኖ ለሚያይ ሰው ምስሉ እንዳይገረጣ የሚያደርግ ሽፋን አውጥቶ ነበር። የፊልም ሽያጭ እየወደቀ ሳለ ኮሞሪ ከ100 ቢሊዮን የን በላይ መድበው በኩማሞቶ ለዚሁ ምርት ፋብሪካ ገነቡ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ድፍረት ይህ ነው፤ ገንዘቡ የወጣው ቤቱ በጨነቀው ሰዓት ነውና።

ሁለተኛው ግኝት ይበልጥ ያስገርማል። የሰው ቆዳ ከውስጥ ሲታይ በብዛት ኮላጅን ነው። የሚያስረጀው አንዱ ነገርም ፎቶን የሚያደበዝዘው ያው ኦክሲዴሽን ነው። ተመራማሪዎቹ ከቀለም መደብዘዝ ጋር ሲታገሉ ያካበቱት እውቀት ከፊት መሸብሸብ ጋር ለመታገልም የሚያገለግል ሆኖ አገኙት። የመረጡት አስታዛንቲን የተባለውን፣ ሳልሞን ዓሣን ቀይ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ነው። አስታዛንቲን ግን በውሃ አይሟሟም። ለሌላ ቅባት ሠሪ ራስ ምታት ነው፤ የዘይት አመል ያላቸውን ኬሚካሎች ወደ ደቃቅ ጠብታ ሲሰባብሩ ለኖሩት ለፊልም ሰዎች ግን የዕለት ሥራቸው ነበር። በ2007 አስታሊፍት የተባለው የፊት ቅባት ገበያ ላይ ዋለ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኔ ግን ማቆም ተገቢ አይመስለኝም። የቅባቱ ወሬ ቢጣፍጥም ቤቱን ያቆመው እሱ ብቻ አልነበረም። ፉጂ በ2001 ከዜሮክስ ጋር በሽርክና በያዘው የፎቶ ኮፒ ማሽን ኩባንያ ውስጥ ድርሻውን ወደ 75 ከመቶ አሳድጎ ነበር፤ ከዚያ የሚገባው ገንዘብ ቀላል አልነበረም። ደግሞም በ2006 ከፎቶው ዘርፍ 5,000 ያህል የሥራ መደቦች ተሰርዘዋል። የሰውን ሙያ የመዘገበው ኩባንያ ባለሙያዎቹን ሁሉ ይዞ አልተሻገረም። ፉጂ ተረፈ ሲባል ይህም አብሮ ይነገር።

የአሜሪካው ተቀናቃኙ ኮዳክስ? ተኝቶ ነበር የሚለው ፍርድ ልክ አይደለም። በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው የእሱ መሐንዲስ ነው። ወደ መድኃኒት የገባውም ቀድሞ ነው፤ በ1988 ስተርሊንግ የተባለውን መድኃኒት አምራች በ5.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ነገር ግን በ1994 ስተርሊንግን ሸጠ፤ በዚያው ዓመት የኬሚካል ክፍሉንም ራሱን የቻለ ኩባንያ አድርጎ ለየው፤ ኃይሉንም በምስል ሥራ ላይ አሰባሰበ። ፉጂ ቆይቶ መዳኛ ያደረገውን ኬሚስትሪ ኮዳክ በፈቃዱ ከእጁ አወጣው። በጥር 2012 ከአበዳሪዎች የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ።

የፉጂም ሙከራ ሁሉ አልሰመረም። በ2008 ቶያማ ኬሚካልን ሲገዛ ፋቪፒራቪር የተባለውን የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት አብሮ አገኘ፤ መድኃኒቱ በጊኒ ለኢቦላ ሕሙማን ተሞከረ፤ ለኮቪድ የጀመረውን ሙከራ ግን ኩባንያው በ2022 አቆመ። በአንጻሩ በ2011 የገዛቸው የአሜሪካና የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ለሌሎች ኩባንያዎች ባዮሎጂካል መድኃኒት እያመረቱ የዕድገቱ ዋና መንገድ ሆኑ።

ከኩባንያው ምርቶች መካከል ተስፋ ያልተጣለበት አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ፎቶውን ወዲያው አትሞ የሚሰጠው ኢንስታክስ ካሜራ በ1998 ወጥቶ፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሽያጩ በዓመት ወደ 100,000 ወርዶ ነበር። በ2007 ገደማ በደቡብ ኮሪያ ድራማ ላይ ታየ፤ ወጣቶች ወደዱት። በ2018 የበጀት ዓመት 10 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ ፊልም ሲታጠብ አይተው የማያውቁ ልጆች ናቸው።